ጥቅሻ የሌለበት ማጭበርበር፦ በኦንላይን ብሪጅ የስልት፣ የማስረጃና የፍትሐዊ ጨዋታ ጥያቄ

መግቢያ

ብሪጅ አራት ሰዎች በሁለት ጥንድ ተከፍለው በ52 ካርታዎች የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። አጋሮች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም 13 ካርታ ይይዛል። ጨዋታው ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ተጫዋቾቹ በየተራ ይጫረታሉ፤ አሸናፊው ጥንድም ከ13ቱ ዙሮች ቢያንስ ስንቱን እንደሚወስድና የትኛው የካርታ ዓይነት የበላይ እንደሚሆን ውል ይገባል። በሁለተኛው ክፍል ውሉ በተግባር ይፈተናል። ጨዋታው ዛሬ የሚታወቅበትን የነጥብ አቆጣጠር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1925 ከአሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት ነው።

የብሪጅ ችግር ሁሉ የሚመነጨው ካለማየት ነው። ተጫዋቹ የራሱን 13 ካርታ ያውቃል፤ የቀሩት 39ኙ በሦስት ሰዎች እጅ እንዴት እንደተደለደሉ ግን ከጨረታው ቃላትና ከተጣሉት ካርታዎች ተነሥቶ መገመት አለበት። በዚህ ረገድ ብሪጅ ከቼዝ ይለያል። በቼዝ ለማጭበርበር ከሰው የላቀ የሚያስብ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ በብሪጅ ግን ማየት ብቻ ይበቃል። መካከለኛ ተጫዋች እንኳ አራቱንም እጆች ካየ የዓለም ሻምፒዮናን ሊያስጨንቅ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጨዋታው ከጠረጴዛ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር የማጭበርበር ማስረጃ ባሕርይ እንዴት እንደተለወጠ መመርመር ነው። መከራከሪያው የሚከተለው ነው፦ በጠረጴዛ ላይ ዳኞች ይፈልጉት የነበረው ድርጊትን ነበር፤ በኦንላይን ጨዋታ ግን የሚታይ ድርጊት ባለመኖሩ የሚመዘነው የውሳኔዎች ውጤት ብቻ ሆኗል። ጎበዝ ተጫዋችና አጭበርባሪ ደግሞ በተናጠል ውሳኔ ሲታዩ አይለያዩም።

የተፈቀደና ያልተፈቀደ ዕውቀት

የብሪጅ ጨረታ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። «አንድ ስፔድ» የሚለው ጥሪ በመደበኛ ስምምነት መሠረት አምስት ስፔድና መጠነኛ የጥንካሬ ነጥብ እንዳለ ሊናገር ይችላል። አጋሮች ለየጥሪው የፈለጉትን ትርጉም ሊሰጡ ይፈቀድላቸዋል፤ ትርጉሙን ከተጋጣሚዎቻቸው ሊደብቁ ግን አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ የፍትሐዊነቱ መሠረት ምስጢር አለመኖሩ ሳይሆን ምስጢሩ በካርታዎቹ ላይ እንጂ በቋንቋው ላይ አለመሆኑ ነው። የዱፕሊኬት ብሪጅ ሕግ አንቀጽ 40 የአጋሮችን ስምምነት፣ አንቀጽ 16 ያልተፈቀደ ዕውቀትን፣ አንቀጽ 73 ደግሞ በአጋሮች መካከል የሚደረግን መልእክት ይመለከታሉ። አስቀድሞ በተመከረበት ስውር ዘዴ መልእክት መለዋወጥ በሕጉ ከሁሉ የከፋ ጥፋት ተደርጎ ተደንግጓል።

ከዚህ ከባድ ጥፋት በታች ሰፊ የዕለት ተዕለት መስክ አለ። አንድ ተጫዋች ለረጅም ጊዜ አስቦ ቢያልፍ፣ ማመንታቱ ብቻ «የምናገረው ነበረኝ» ይላል። ሕጉ ማሰብን አይከለክልም። የሚከለከለው አጋሩ ከዚያ ማመንታት ተነሥቶ፣ በእጁ ካሉት ምክንያታዊ አማራጮች መካከል ማመንታቱ የጠቆመውን መምረጡ ነው። ካርታ የተጫወተ ማንኛውም ሰው የአጋሩን ትንፋሽ ማንበብ ምን ያህል ቀላል፣ አለማንበብ ደግሞ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል።

ኦንላይን መድረኮች በዚህ ረገድ ያመጡት መሻሻል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መጋረጃ በሌለበት ጠረጴዛ የጥሪን ትርጉም የሚያስረዳው የጠሪው አጋር ስለሆነ፣ ማብራሪያው ራሱ ለጠሪው «እንዲህ ተረድቼሃለሁ» የሚል ያልተፈለገ መልእክት ያደርሳል። በኮምፒዩተር ግን ጠሪው ራሱ ለተጋጣሚዎቹ ይጽፋል፤ አጋሩ ጽሑፉን አያይም። ማመንታትም ቢሆን ከፊል ኃይሉን ያጣል፤ የዘገየው ተጫዋቹ ይሁን የኢንተርኔቱ መስመር ለመለየት ያስቸግራልና። ተራ ሳይጠብቁ ካርታ መጣልም ሆነ የያዙትን ዓይነት ትቶ ሌላ መጣል ፈጽሞ አይቻልም። በትናንሾቹ ጥፋቶች ረገድ ኮምፒዩተሩ ከጠረጴዛው የተሻለ ዳኛ ነው ማለት ይቻላል።

ከጣት እስከ ስክሪን

እ.ኤ.አ. በ1965 በቦነስ አይረስ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የብሪታንያ ተጫዋቾች የነበሩት ቴረንስ ሪስና ቦሪስ ሻፒሮ፣ ካርታ በያዙበት እጅ ጣቶቻቸውን በተለያየ ሁኔታ በማሳየት የኸርት ካርታዎቻቸውን ቁጥር ይነጋገራሉ ተብለው ተከሰሱ። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ጥፋተኛ አላቸው፤ በአገራቸው የተቋቋመውና በሰር ጆን ፎስተር የተመራው አጣሪ ጉባኤ ደግሞ በ1966 ክሱ በበቂ ሁኔታ አልተረጋገጠም ሲል ደመደመ። ክርክሩ በሁለት ዓይነት ማስረጃ መካከል ነበር፦ በአንድ ወገን ጣቶቹን አየን ያሉ ምስክሮች፣ በሌላ ወገን ተጫዋቾቹ በጠረጴዛው የወሰኗቸው ውሳኔዎች። ጣቱ ታየ ቢባል እንኳ ዕውቀቱ ጥቅም ላይ መዋሉ በውሳኔዎቹ ካልታየ ምን ይባላል? ይህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልተቋጨም።

እ.ኤ.አ. በ1975 በቤርሙዳ በተካሄደው ሻምፒዮና አጋሮች እንዳይተያዩ በጠረጴዛው ላይ መጋረጃ ተዘረጋ። በዚያው ውድድር አንድ ጥንድ ከጠረጴዛው ሥር በእግር ይነካካል የሚል ክስ ተነሣ፤ መከላከያውም ወደ ታች ወረደ። ይህ ታሪክ የዘርፉን አካሄድ በአጭሩ ያሳያል፦ አንዱ ቀዳዳ ሲደፈን ሌላው ይፈለጋል።

በ2015 ደግሞ ኖርዌያዊው ቦይ ብሮግላንድ ባቀጣጠለው ምርመራ የውድድር ቪዲዮዎች በብዙ ሰዎች ተፈተሹ። በአንድ ጥንድ ላይ የቀረበው ክስ የመጀመሪያው ካርታ በጠረጴዛው ላይ በቁም ወይም በአግድም መቀመጡ ከፍተኛ ካርታ መኖር አለመኖሩን ይናገራል የሚል ነበር። እዚህ ላይ ድርጊትና ውጤት ተጣመሩ፦ ካርታው የተቀመጠበት አቅጣጫ በቪዲዮ ይታያል፣ የያዘው እጅም በመዝገብ አለ፣ ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል። ሆኖም የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በ2018 በዚህ ጥንድ ላይ የተጣለውን ቅጣት ሻረው፤ ምክንያቱም የቀረበው ማስረጃ በስፖርት ሕግ የሚፈለገውን የማሳመኛ ደረጃ አልደረሰም የሚል ነበር። የሚታይ ድርጊት በነበረበት ጉዳይ ይህን ያህል ካስቸገረ፣ ድርጊቱ በማይታይበት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ውድድሮች ወደ ኢንተርኔት ሲዛወሩ ያ ሁኔታ መጣ። ከ2001 ጀምሮ በሚሠራው ብሪጅ ቤዝ ኦንላይን ተመልካቾች አራቱንም እጆች ማየት የሚችሉበት አሠራር ነበር። ተጫዋቹ በሌላ ስም ሁለተኛ አካውንት ከፍቶ የራሱን ጠረጴዛ በተመልካችነት ቢመለከት ጨዋታው በሙሉ ይገለጥለታል። ይህ ለአጭበርባሪው አጋር እንኳ አያስፈልገውም፤ አጋሩ ምንም ሳያውቅ ሊፈጸም ይችላል። በዚያው ዓመት በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ተጫዋች ይህን ማድረጉን በይፋ አመነ። ባያምን ኖሮ ግን ቪዲዮ የለም፣ ጣት የለም፣ እግር የለም፤ ያለው የተጫወታቸው ካርታዎች መዝገብ ብቻ ነው።

የ12 ለ11 ውሳኔ

መዝገቡ ምን ሊናገር እንደሚችል በአንድ የታወቀ ምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። ውሉን የገባው ተጫዋች፣ ከዚህ በታች ባለውሉ፣ የአጋሩን እጅ በጠረጴዛ ላይ ተገልጦ ያያል። ሁለቱ በአንድ ዓይነት ዘጠኝ ካርታ አላቸው፤ አሱ በባለውሉ እጅ፣ ንጉሡና ጃኩ በግልጡ እጅ ናቸው። በተጋጣሚዎች ዘንድ የቀሩት ንግሥቲቱና ሦስት ትናንሽ ካርታዎች ናቸው። ባለውሉ አሱን ሲጥል ሁለቱም ተጋጣሚዎች ትንሽ ትንሽ ይጥላሉ። ቀጥሎ ከእጁ ትንሽ ካርታ ወደ ግልጡ እጅ ሲልክ በግራው ያለው ተጋጣሚ የመጨረሻዋን ትንሽ ካርታ ይጥላል። አሁን ያልታየችው ንግሥቲቱ ብቻ ናት። በቀኙ ተጋጣሚ ካለች ንጉሡን ጥሎ ይይዛታል፤ በግራው ካለች ግን ጃኩን መጣል አለበት።

አራት ካርታዎች ሁለት ለሁለት የመከፈላቸው ዕድል 40.70 በመቶ፣ ሦስት ለአንድ የመከፈላቸው 49.74 በመቶ ነው። ሁለት ለሁለት በስድስት መንገድ፣ ሦስት ለአንድ በስምንት መንገድ ስለሚሆን፣ የእያንዳንዱ የተለየ አከፋፈል ዕድል 6.78 እና 6.22 በመቶ ይሆናል። በዚህች ቅጽበት የቀሩት አከፋፈሎች ከየዓይነቱ አንዳንድ ብቻ ናቸው፤ ንጽጽራቸው 12 ለ11 ነው። ስለዚህ ንጉሡ በ52.17 በመቶ፣ ጃኩ በ47.83 በመቶ ይሳካል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ሌላ መረጃ ከሌለ ነው። የቀኙ ተጋጣሚ በጨረታው ወቅት ሌላ ዓይነት በብዛት መያዙን ከተናገረ፣ በዚህኛው ዓይነት አጭር የመሆን ዕድሉ ስለሚጨምር ሚዛኑ ወደ ጃኩ ያጋድላል። ሐቀኛው ሊቅ የሚታወቀው ከመደበኛው ስሌት በምክንያት በመውጣቱ ነው። ያየው ሰውም ከመደበኛው ስሌት ይወጣል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በዚህ አንድ ውሳኔ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ይባስ ብሎም አስተዋይ አጭበርባሪ ዋጋቸው አነስተኛ በሆኑ ጨዋታዎች ሆን ብሎ ይሳሳታል።

ለመርማሪው ይበልጥ የሚጠቅመው የመክፈቻው ካርታ ነው። የባለውሉ ተጋጣሚ ይህን ካርታ የሚጥለው ግልጡ እጅ ከመታየቱ በፊት፣ የራሱን 13 ካርታና ጨረታውን ብቻ ይዞ ስለሆነ አለማወቁ ከሁሉ የበረታበት ቦታ ነው። አራቱንም እጆች አይቶ የሚያሰላ ፕሮግራም የትኛው መክፈቻ የተሻለ እንደነበር በኋላ ይናገራል። ሐቀኛ ሊቅ በዚህ መለኪያ በተደጋጋሚ «ይሳሳታል»፤ ምክንያታዊው ካርታ ሁልጊዜ ዕድለኛው ካርታ አይደለምና። ጥርጣሬ የሚነሣው ምክንያታዊ ያልሆነው ካርታ ደጋግሞ ዕድለኛ ሲሆን ነው።

ቁጥሩ የሚያሳስትበት ቦታ

«ደጋግሞ» የሚለው ቃል ግን ልክ ይፈልጋል። ለምሳሌነት ያህል እኩል በእኩል የሆኑ ሃያ ግምቶችን ሁሉ በትክክል የመገመት ዕድል ከ1,048,576 አንድ ነው፤ አንድ ሰው አስቀድሞ ተጠርጥሮ ይህ ቢገኝበት ማስረጃው ከባድ ነው። አሥር ግምቶችን ሁሉ በትክክል የመገመት ዕድል ደግሞ ከ1,024 አንድ ነው፤ ይህም ለአንድ ሰው ብርቅ ይመስላል። መርማሪው የ10,000 ሐቀኛ ተጫዋቾችን መዝገብ ፈትሾ እጅግ እንግዳ የሆነውን ቢመርጥ ግን፣ በዕድል ብቻ አሥር ያህል እንዲህ ያሉ ሰዎችን ማግኘት ይጠበቅበታል። ጥርጣሬው ከመዝገቡ ከተወለደ ያው መዝገብ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ አዲስ የጨዋታ ስብስብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስሕተት የመነሻውን መጠን መርሳት ነው። ከ10,000 ተጫዋቾች 100 አጭበርባሪዎች አሉ እንበል፤ መፈተሻውም አጭበርባሪዎቹን ሁሉ የሚይዝ፣ ከሐቀኞቹ ግን አንድ በመቶውን በስሕተት የሚጠቁም ይሁን። የሚጠቆሙት 199 ይሆናሉ፦ 100ው ጥፋተኞች፣ 99ኙ ንጹሓን። «99 በመቶ ትክክለኛ» የሚባል መፈተሻ ከሚጠቁማቸው ሰዎች ግማሽ የሚጠጋው በደል ይደርስበታል። በብሪጅ ዓለም ስም የጠፋበት ሰው አጋር አያገኝም፤ ያለ አጋር ደግሞ ጨዋታ የለም። ስለዚህ ጥቆማው ለምርመራ መነሻ እንጂ ለፍርድ መድረሻ መሆን የለበትም።

መከላከልና መዳኘት

ከመቅጣት ይልቅ ቀዳዳውን መድፈን የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። የተመልካቾች ስርጭት ጨዋታው ካለቀ በኋላ እንዲተላለፍ ቢዘገይ፣ ሁለተኛው አካውንት ጥቅም አይኖረውም። በ2020 ሥራ የጀመረው ሪልብሪጅ እንዳደረገው ተጫዋቾች በቪዲዮ እንዲተያዩ ማድረግም የጠረጴዛውን ኀፍረት በከፊል ይመልሳል። ይሁን እንጂ በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ ወይም ስልክ በእጃቸው የያዙ አጋሮችን የሚከለክል ሶፍትዌር የለም። ለእነርሱ ጉዳይ ዳኛው ወደ መዝገቡ መመለሱ አይቀርም።

በዚህ ጊዜ የምርመራው ቅደም ተከተል ከስሌቱ እኩል ያመዝናል። የሚመረመሩት የውሳኔ ዓይነቶች ውጤታቸው ከመታየቱ በፊት መወሰን አለባቸው። ጨዋታዎቹን የሚመዝኑት ባለሙያዎች የተጫዋቹን 13 ካርታና ጨረታውን ብቻ አይተው፣ የሦስቱን እጅ ሳያዩ «ምን ይጣላል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊሰጡ ይገባል፤ አለዚያ ውጤቱን ያወቀ ዓይን እያንዳንዱን ድፍረት ማጭበርበር አድርጎ ያነባል። የጥንዱ የስምምነት ሰነድም ከመዝገቡ ጋር መቅረብ አለበት፤ ለውጭ ሰው እንግዳ የሚመስል መክፈቻ በስምምነታቸው መሠረት መደበኛ ሊሆን ይችላልና። ከሳሾች በተለምዶ የሚያቀርቡት ተከሳሹ በተአምር የተሳካለትን ነው። ፋይሉ ተከሳሹ ያን ያህል እንግዳ ካርታ ጥሎ የከሰረባቸውን ጨዋታዎችም፣ አንድም ሳይቀር፣ መያዝ ይኖርበታል።