ኮራል ምግብ ሲበዛለት ለምን ሙቀት አይችልም?

ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ዋቅላሚዎች በብርሃን ስኳር እየሠሩ ይመግቡታል፤ ቀለሙም በአመዛኙ የእነሱ ነው። ውሃው በዓመት ከለመደው ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በልጦ ለሳምንታት ሲቆይ ዋቅላሚዎቹ ይታወካሉ፣ ኮራሉም ያስወጣቸዋል። ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከቆየ በረሃብ ይሞታል።

ታዲያ ንጥረ ምግብ ቢጨመርለት አይጠነክርም ወይ? እንደ ዓይነቱ ነው። የዓሦች ኩስና ሽንት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ አብሮ ስለሚይዝ ይጠቅመዋል። ናይትሬት በዝቶ ፎስፎረስ ሲጎድል ግን ዋቅላሚዎቹ ቁጥራቸው ይጨምርና የሕዋሳቸው ሽፋን ይደክማል፤ ያኔ ሙቀት አይችሉም። ዩሪያ ብቻ የበዛበት ጤፍ ለምልሞ ይጋሽብ የለ? እኛ እጩ መምህራን ባሕር ላላየ ተማሪ ስናስረዳ ከጤፉ ብንጀምር ይሻላል እንላለን።

በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ፣ ሉ ኪ በተባለው ሥፍራ ከ1984 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ከየብስ በሚወርደው ፍሳሽና ማዳበሪያ የተነሳ ናይትሮጅኑ ከፎስፎረሱ ሚዛን ውጪ ሆነ፤ በ1984 ወደ 33 ከመቶ ይጠጋ የነበረው ሕያው ኮራል በ2008 ከ6 ከመቶ በታች ወረደ። የባሕሩን ሙቀት አንድ ከተማ ብቻውን አያበርደውም፤ ፍሳሹን ግን ማጣራት ይችላል። በዚያው በፍሎሪዳ ደሴቶች የውሃውን ጥራት ለመጠበቅ የየቤቱ የፍሳሽ ጉድጓድ በማዕከላዊ ማጣሪያ እንዲተካ ተደርጓል።