የጆሮ ሕክምና ጥናቶች፦ ከቶሮንቶ እስከ ጎንደር

በጆሮ፣ በአፍንጫና በጉሮሮ ሕክምና የሚታተሙ ጥናቶች ምን ላይ እንደሚያተኩሩና ለማን እንደሚደርሱ ለመረዳት እ.ኤ.አ. 2013 ጥሩ ማሳያ ነው።

በዚያ ዓመት፣ ሲክ ኪድስ በሚባለው የቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል የሚሠሩ ተመራማሪዎች በኮክሊያር ኢምፕላንት ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ኮክሊያር ኢምፕላንት በቀዶ ሕክምና የሚገጠም፣ ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ ለመስሚያ ነርቭ የሚያደርስ መሣሪያ ነው። መስማት የተሳነው ሕፃን በአንድ ጆሮ ብቻ ተገጥሞለት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከቆየ አንጎሉ ለዚያ ጆሮ ያደላል። ሁለተኛው ጆሮ ዘግይቶ ቢገጠምለትና ለዓመታት በሁለቱም ቢሰማ እንኳ ይህ መዛባት አይጠፋም። ስለዚህ ሁለቱን ጆሮዎች በአንድ ጊዜ ወይም ብዙ ሳይዘገዩ ማከም ይመረጣል።

በዚያው ዓመት ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሌላ ጥናት ታተመ። ጥያቄው ጆሯቸው መግል ከሚያወጣ ሕሙማን የተወሰደው ናሙና የትኛውን ባክቴሪያ ይዟል፣ የትኛው መድኃኒትስ ያሸንፈዋል የሚል ነበር። ፕሮቲየስና ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ጎልተው ተገኙ፤ የተለመዱ መድኃኒቶችን የሚቋቋሙም ነበሩ።

የመጀመሪያው ጥናት የበለጠ አስደናቂ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የጆሮ ታምቡር ተበስቶ ለሳምንታት መግል የሚፈስበት ሕመም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ግምት፣ ከ65 እስከ 330 ሚሊዮን ሰዎችን ያጠቃል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ ደግሞ ሕክምና ወይም ተሐድሶ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር ያለባቸውን ሰዎች 430 ሚሊዮን አድርሷቸዋል። ከእነዚህ 80 በመቶ የሚጠጉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ። አብዛኛው ጥናት ግን የሚታተመው ከሀብታም አገሮች ነው።

ቢሆንም የኅትመቱ በር ሰፍቷል። የካናዳ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2013 ባዮሜድ ሴንትራል በተባለው አሳታሚ በኩል ለማንም አንባቢ በነፃ ክፍት ሆነ፤ የጎንደሩ ጥናት የወጣውም በዚሁ አሳታሚ መጽሔት ነው። በዚህ አሠራር ወጪው ከአንባቢ ወደ ደራሲ ይዞራል። አሳታሚዎች ለድሃ አገሮች ተመራማሪዎች ክፍያውን ብዙ ጊዜ ይምሯቸዋል፤ ላቦራቶሪውንና ጊዜውን ግን ማንም አይምራቸውም።

ችግሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ስለ ሕፃናት አንጎል በቶሮንቶ የተገኘው እውቀት ለጎንደር ሐኪምም ይሠራል። በጎንደር ያለ ባክቴሪያ የትኛውን መድኃኒት እንደሚቋቋም ግን ቶሮንቶ ላይ ሊለካ አይችልም፤ ባክቴሪያዎቹም ስለሚለወጡ በየጥቂት ዓመቱ እዚያው እንደገና መጠናት አለበት።