መስመሩ ሲቋረጥ ሥራውን ማን ይጨርሰዋል?

ጅጋ ተቀምጦ ኬፕታውን ያለ ሰርቨር ማስነሣት ዛሬ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። አማዞን የደቡብ አፍሪካ የዳታ ማዕከሎቹን እ.ኤ.አ. በ2020 ከከፈተ ወዲህ፣ ላፕቶፕና የሞባይል ዳታ ያለው የቡሬም የፍኖተ ሰላምም ባለሙያ እዚያ ማሽን ማዘዝ ይችላል። ጣጣው የሚመጣው ትእዛዙ እየተፈጸመ ሳለ መብራቱ ወይም ኔትወርኩ ሲሄድ ነው። ስለዚህ የክላውድ መሠረተ ልማትን በፓይተን ወይም በታይፕስክሪፕት ለመጻፍ የምታስቡ፣ «የቱ ቋንቋ ይሻላል?» ከማለታችሁ በፊት «ሥራውን የሚሠራው የማን ኮምፒውተር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለጀማሪ ባጭሩ፦ ሰርቨሩን፣ ዳታቤዙንና ኔትወርኩን ድረ ገጽ ላይ አንድ በአንድ እየተጫኑ ከማዘጋጀት ይልቅ፣ የሚፈለገውን ፋይል ላይ ጽፎ ማስፈጸም ከተጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጣው የአማዞኑ ክላውድፎርሜሽን በጄሰን ፋይል፣ በ2014 የመጣው ቴራፎርም ደግሞ ለዚሁ ሥራ በተፈጠረ ቋንቋ ይጻፉ ነበር። ፑሉሚ በ2018፣ የአማዞኑ ሲዲኬ በ2019 ሲወጡ ፕሮግራመሩ በለመደው ቋንቋ፣ በፈንክሽንና በሉፕ እንዲሠራ መንገድ ከፈቱለት።

ሁለቱ ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። ሲዲኬ ኮዳችሁን ወደ ክላውድፎርሜሽን ፋይል ይለውጥና ለአማዞን ያስረክባል። ከርክክቡ በኋላ ሥራው የአማዞን ነው፤ ላፕቶፓችሁ ቢጠፋም እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ መሀል ላይ ካልተሳካም በራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፑሉሚ በተለመደው አሠራሩ እያንዳንዱን ትእዛዝ የሚልከው ከእናንተ ማሽን ነው። «ዳታቤዝ ፍጠር» ብሎ ልኮ መልሱን ሳይቀበል መስመሩ ከተቋረጠ፣ ዳታቤዙ ኬፕታውን ተነሥቶ ሂሳብ እየቆጠረ ነው፤ ፑሉሚ የፈጠረውን የሚይዝበት መዝገብ ግን አያውቀውም። ቴራፎርምም እንዲሁ ነው። እንዲህ ሲያጋጥም ደንግጣችሁ ትእዛዙን አትድገሙ። መዝገቡ ተቆልፎ ከቀረ በ«ፑሉሚ ካንስል» ክፈቱት፣ በ«ፑሉሚ ሪፍሬሽ» መዝገቡን ካለው እውነታ ጋር አስታርቁ፣ ከዚያ የአማዞንን ገጽ ከፍታችሁ ባለቤት አልባ የቀረ ነገር መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

ይህን ስል ፑሉሚን መተው አለባችሁ ማለቴ አይደለም። ሲዲኬ ከአማዞን አይወጣም፤ ፑሉሚ ግን ማይክሮሶፍትም ጉግልም ዘንድ ይሠራል። መፍትሔው የማስፈጸሙን ሥራ ከጅጋ ማውጣት ነው። ኮዱን ቤታችሁ ጻፉና ወደ ጊትሃብ ላኩት፤ የሚላከው ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ ደካማ መስመርም ይበቃዋል። ማስፈጸሙን ጊትሃብ አክሽንስ በራሱ ማሽን ላይ ያድርገው። ከ100 ሜጋባይት የሚያልፈውን የፑሉሚ የአማዞን ፕለጊንም እሱ ያውርድ፤ የናንተ ጥቅል አይነካም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ ያየ ሰው ሌላውንም ጥቅም ይረዳዋል፦ ኮዱ ጊትሃብ ላይ ካለ አዲስ አበባ ያለው ባልደረባችሁ ሥራውን ካቆማችሁበት ይቀጥላል።

ወደ ኮዱ ስንገባ፣ ጎበዝ ፕሮግራመር የሚወድቀው ጎበዝ በሆነበት ቦታ ነው። ለሦስት የእህል መጋዘኖች፣ ለጅጋ፣ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ፣ ለየብቻ ዳታቤዝ አስፈልጎ በሉፕ ጻፋችሁ እንበል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም፣ እዚህ ስም አውጪው የሉፑ ተራ ቁጥር ከሆነ መዘዝ አለው። ጅጋ ዜሮ፣ ፍኖተ ሰላም አንድ፣ ቡሬ ሁለት ሆኑ። የፍኖተ ሰላሙ መጋዘን ተዘግቶ ከዝርዝሩ ሲወጣ ቡሬ ወደ አንድ ይወርዳል፤ መሣሪያው ደግሞ «ሁለት ቁጥር የለም» ብሎ ያጠፋዋል። የጠፋው የቡሬ ዳታ ነው፤ የቡሬ ሠራተኞች የሚከፍቱት የፍኖተ ሰላምን መዝገብ ነው። ስለዚህ ስሙን ከተራ ቁጥር ሳይሆን ከከተማው ስም አውጡት።

ኮድ ማስተካከልም እንዲሁ ያሳስታል። ተራ ፕሮግራም ላይ የክላስ ስም ማሳመር፣ አንዱን ክፍል ወደ ሌላ ፈንክሽን ማዛወር ማንንም አይጎዳም። ሲዲኬ ውስጥ ግን የአንድን ነገር መለያ መቀየር ወይም ወደ ሌላ ወላጅ ማዛወር «አሮጌውን አፍርስ፣ አዲስ ሥራ» ማለት ነው። ፑሉሚም ስም ሲቀየርበት እንደዚያው ያደርጋል፤ የቀድሞውን ስም በ«አልያስ» ካልነገራችሁት በቀር። ከማስፈጸማችሁ በፊት «ፑሉሚ ፕሪቪው» ወይም «ሲዲኬ ዲፍ» የሚያወጣውን ዝርዝር እስከ ታች አንብቡ፤ «ሪፕሌስ»፣ «ዲሊት» ወይም «ዲስትሮይ» የሚል ቃል ዳታቤዝ አጠገብ ካያችሁ ቁሙ። ዳታቤዙን አስቀድሞ በፑሉሚ «ፕሮቴክት»፣ በሲዲኬ ደግሞ «ሪቴይን» ማጠር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሂሳቡም ኮዱ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ሲዲኬ ላይ «ቪፒሲ» (የግል ኔትወርክ) ብላችሁ አንድ መስመር ብቻ ብትጽፉ፣ ሳትጠይቁት በየዳታ ማዕከሉ ቀጠና አንድ አንድ «ናት ጌትዌይ» (ወደ ኢንተርኔት መውጫ) ያቆምላችኋል። በአማዞን የቨርጂኒያ ማዕከል አንዱ ያለ ምንም ሥራ በወር 32 ዶላር ገደማ ይበላል። ዶላር ለማግኘት ስንቱን ደጅ ለሚጠና ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ለልምምድ ከሆነ የናት ጌትዌዩን ቁጥር ዜሮ ብላችሁ ጻፉ፤ ማታ ላፕቶፑን ከመዝጋታችሁ በፊትም ሁሉንም አፍርሱ። ኮዱ ስላለ ጠዋት መልሶ ማቆም ቀላል ነው። ኬፕታውንን የመረጠ ደግሞ ቀጠናውን አስቀድሞ በአካውንቱ ላይ ያስከፍት፤ ሲመዘገቡ ዝግ ስለሆነ ኮዱ ትክክል ሆኖም እምቢ ይላል።

የደንበኞችን ስምና ስልክ የምትይዙ ከሆነ ውጭ አገር ከማስቀመጣችሁ በፊት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቡ፤ የአገር ውስጥ አማራጭ ከፈለጋችሁ ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ የሚባል አገልግሎት አለው።

የፑሉሚን መዝገብ በራሳችሁ ማከማቻ የምታስቀምጡ ከሆነ ምስጢሮቹ የሚቆለፉት እናንተ ባወጣችሁት የይለፍ ሐረግ ሊሆን ይችላል። ሐረጉ ከጠፋ ፑሉሚም አይከፍትላችሁም። አዲስ አበባ ያለው ባልደረባችሁም ይያዘው፤ ኮዱ ውስጥ ግን በፍጹም አትጻፉት።