ማይክሮአርኤንኤ-21 የግሊዮብላስቶማ ጠቋሚነቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

ግሊዮብላስቶማ ከአንጎል ዕጢዎች እጅግ አደገኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከጨረር ሕክምና በኋላ በኤምአርአይ ምስል ላይ ዕጢው ያገረሸ መስሎ የሚታየው ለውጥ አንዳንድ ጊዜ የሕክምናው ውጤት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱን ለመለየት የራስ ቅልን ዳግም ከፍቶ ናሙና መውሰድ ለታካሚው አደጋ አለው። ከደም ሊለካ የሚችል ጠቋሚ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ከታጩት መካከል በሰፊው የተጠናው ማይክሮአርኤንኤ-21 ነው። ማይክሮአርኤንኤዎች 22 ያህል ኑክሊዮታይዶች ብቻ ያሏቸው፣ ከመልእክተኛ አርኤንኤ ጋር ተጣምረው የፕሮቲን ምርትን የሚገቱ ሞለኪውሎች ናቸው። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ማይክሮአርኤንኤ-21 በግሊዮብላስቶማ ውስጥ በከፍተኛ መጠን እንደሚገኝ፣ ሲታገድም የዕጢው ሕዋሳት ራሳቸውን ወደ ማጥፋት ሂደት እንደሚገቡ አሳይቷል። በዕጢው በሚለቀቁ ጥቃቅን ከረጢቶች ተጠቅልሎ ወደ ደም ሲገባ በኢንዛይም በቀላሉ አይፈርስም።

ይሁን እንጂ ይኸው ሞለኪውል በጡት፣ በሳንባና በአንጀት ካንሰር፣ በብግነትም ጊዜ ይጨምራል፤ መጠኑ ከፍ ማለቱ ብቻውን የአንጎል ዕጢ ማስረጃ አይሆንም። የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ለዕጢው ይቀርባል፤ ነገር ግን የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ከፍ ካለበት ታካሚ ከወገብ መቅዳት ያሰጋል።

ሌላው ችግር የቤተ ሙከራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቸል ይባላል። ደም ሲቀዳ ቀይ የደም ሕዋሳት ከፈረሱ ማይክሮአርኤንኤ-16ን በብዛት ይለቃሉ። ብዙ ጥናቶች ደግሞ ለማነጻጸሪያነት የተጠቀሙት ይህንኑ ነው። ማነጻጸሪያው ያለ አግባብ ሲያድግ ማይክሮአርኤንኤ-21 ያነሰ መስሎ ይታያል፤ ያገረሸ ዕጢም ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የናሙናው የሕዋስ ፍርሰት መጠን ከውጤቱ ጋር አብሮ ሊገለጽ፣ ልኬቱም በአንዱ ታካሚ ላይ ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ሊደጋገም ይገባል።