ገደልን መንገድ ያደረገች አንዲት ቃል፦ «ዜሮ አወር» እና የመንዝ ሸለቆዎች

በአገራችን የቆየው የሰንጠረዥ ጨዋታ ከዓለም አቀፉ ቼዝ የሚለይበት አንድ አስገራሚ ሕግ ነበረው። ጨዋታው ሲከፈት ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም፤ ከሠራዊቱ አንዱ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እጃቸው የቻለውን ያህል፣ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። ይህ መክፈቻ «ወረራ» ይባል ነበር። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው የመጀመሪያው ከተበላ በኋላ ነው። እንግዲህ የኮምፒውተር ተጫዋቾች «ሪል ታይም ስትራቴጂ» የሚሉት፣ ማንም ማንንም የማይጠብቅበት የጦር ስልት ጨዋታ በአሳቡ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከዚህ ዓይነት ጨዋታዎች አንዱን፣ «ኮማንድ ኤንድ ኮንከር፦ ጄኔራልስ» የተባለውንና በተለይም «ዜሮ አወር» የተሰኘውን ማስፋፊያውን ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. በኤሌክትሮኒክ አርትስ አማካይነት ወጡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ሸዋ እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ስለነበር፣ ጦርነትን በጨዋታ መልክ ማንሳት ለአካባቢው አንባቢ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። እኛን የሳበን ግን ተኩሱ አይደለም። ጨዋታው ስለ መንገድ፣ ስለ ገደልና ስለ ሕግ የሚያስተምረው ነገር ነው።

ማስፋፊያ ማለት በራሱ ቆሞ የሚሠራ ጨዋታ አይደለም፤ በዋናው ላይ ይጫናል። «ዜሮ አወር» በዋናው ጨዋታ በነበሩት ሦስት ወገኖች ላይ ለእያንዳንዳቸው ሦስት፣ በድምሩ ዘጠኝ ጄኔራሎችን ጨመረ። የአየር ኃይሉ ጄኔራል ታንክ መሥራት አይችልም፤ የታንኩ ጄኔራል በበኩሉ ታንክን በርካሽ ሲያገኝ መድፍ ተነፍጓል። አንባቢ ይህን ሁሉ ለማድረግ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ የተጻፈ ይመስለው ይሆናል። እርግጥ ነው፣ የጨዋታው ሞተር በመጠኑ ተሻሽሏል። አብዛኛው ለውጥ ግን ያለው ማንም ሰው ከፍቶ ሊያነባቸው በሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ውስጥ ነው። የታንክ ዋጋ፣ የጥይት ጉዳት፣ የወታደር ፍጥነት፣ ሁሉም በዚያ በቃልና በቁጥር ሰፍሯል። ፕሮግራሙ አንባቢ ነው፤ ፋይሉ ደንብ ነው። ደንቡን ከአንባቢው መለየት ለፕሮግራም ተማሪ ከሚጠቅሙ ልማዶች ቀዳሚው ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ወደ ወረራ እንመለስ። ሁለት ሰንጠረዥ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ እጃቸውን ቢሰነዝሩም በመካከላቸው ያለው ገበታ አንድ ነው። በመረብ የተገናኙ ኮምፒውተሮች ግን የጋራ ገበታ የላቸውም። «ዜሮ አወር»ን እስከ ስምንት ተጫዋቾች በአንድነት ይጫወቱታል፤ በሜዳው ላይ ያለው ወታደርና ተሽከርካሪ ደግሞ ብዙ መቶ ይሆናል። የእያንዳንዱን ቦታ በየቅጽበቱ መላክ ለዚያ ዘመን የስልክ መስመር የማይታሰብ ሸክም ነበር። ስለዚህ የሚላከው የተጫዋቹ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ «እነዚህ አምስት ታንኮች ወደዚያ ይሂዱ» እንደ ማለት። ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለብቻው፣ በሴኮንድ 30 ጊዜ፣ አንድ ዓይነት ስሌት ያሰላል። «በዕድል» የሚመጣው ቁጥር እንኳ ሁሉም ዘንድ ከአንድ መነሻ ስለሚወለድ አይለያይም። ውጤቱ አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ ማሽኖቹ በየጊዜው የማመሳከሪያ ቁጥር ይለዋወጣሉ። አንዱ ዘንድ የአንድ ታንክ ዋጋ በአንድ ብር እንኳ ቢለይ ስምንቱ ዓለማት ቀስ በቀስ ይለያዩና ጨዋታው «አልተመሳሰለም» ብሎ ይቋረጣል። ማስፋፊያው የሌለው ሰው ማስፋፊያው ካለው ጋር ሊጫወት የማይችልበት ምክንያትም ይኸው ነው። ሰንጠረዥ ተጫዋቾችም ሕጉን አስቀድመው ካልተስማሙ ገበታው መገልበጡ አይቀርም ነበር።

አሁን ከደንቦቹ አንዱን ብቻ እንምረጥ። «ዜሮ አወር» ካመጣቸው አዳዲስ ነገሮች አንዱ ገደል የምትወጣ ሞተር ሳይክል ናት። ጨዋታው መሬትን በትናንሽ ካሬዎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ ዓይነት ይሰጠዋል፦ ክፍት፣ ውኃ፣ ገደል፣ ፍርስራሽ፣ መሰናክል። ለእያንዳንዱ ተንቀሳቃሽም የትኞቹን መርገጥ እንደሚችል በደንቡ ፋይል ተጽፎለታል። ታንኩ «ገደል» የምትለዋ ቃል የለችውም፤ ሞተር ሳይክሏ አላት። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። ይህች ቃል ምን ያህል ኃይል እንዳላት ለማየት ከመንዝ የተሻለ ካርታ አይገኝም።

የመንዝ ደጋ በደቡብ በሞፈር፣ በምዕራብ በአዳባይና በወንጪት ወንዞች ተቆርጧል፤ ውኃቸው በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። ላይኛው ምድር፣ ለምሳሌ የጓሳ ሣር ያለበት፣ ከባሕር ወለል ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን ሸለቆዎቹ በጣም ጥልቅ ናቸው። በመርሐ ቤቴም ሆነ በግሼ በኩል የሚኖር ሰው ማዶ ያለውን ቤት ጭስ ያያል፤ ማዶ ለመድረስ ግን ቀኑን ሊያጋምስ ይችላል።

ወረቀትና እርሳስ እናንሳ። 3 ዓምድና 8 ረድፍ፣ ማለትም 24 ካሬ ያለው አምባ እንሣል። በስተቀኙ አንድ ዓምድ ገደል ይኑር፤ ከላይ ሰባቱ ካሬዎች የማይታለፉ፣ ስምንተኛው ብቻ በር ይሁን። ከገደሉ ማዶ ሌላ ተመሳሳይ አምባ አለ። ታንካችን ከግራው አምባ የመጀመሪያ ረድፍ፣ መካከለኛው ዓምድ ላይ ቆሟል፤ መድረሻው በዚያው ረድፍ ወደ ቀኝ አራተኛው ካሬ ነው። በሰያፍ መሄድ አይፈቀድም። ትክክለኛው መንገድ 7 ወደ ታች፣ 4 ወደ ቀኝ፣ 7 ወደ ላይ፣ በድምሩ 18 እርምጃ ነው።

ማሽኑ ይህን የሚያገኘው «ኤ ስታር» በተባለ ዘዴ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ፒተር ሃርት፣ ኒልስ ኒልሰንና በርትራም ራፋኤል በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲያወጡት ዓላማቸው ሮቦትን መምራት ነበር። ለእያንዳንዱ ካሬ ሁለት ቁጥር ይደመራል፤ እስካሁን የተሄደውና ገደል እንደሌለ ተቆጥሮ ቢያንስ የሚቀረው። ድምሩ አነስተኛ የሆነው ካሬ አስቀድሞ ይመረመራል። መነሻው ላይ 0 ሲደመር 4፣ 4 ይሆናል። አንድ ረድፍ ወረድ ብንል 1 ሲደመር 5፣ 6 ይሆናል። ሰባተኛው ረድፍ ላይ 6 ሲደመር 10፣ 16 ነው። ማሽኑ ድምራቸው ከ18 በታች የሆኑትን ካሬዎች ሁሉ ሳይጨርስ በሩን አያልፍም፤ ብንቆጥራቸው ከ24ቱ 20 ይሆናሉ። ማዶውን እያየ ወደ ገደሉ አፍ ደጋግሞ የሚመለስ እንግዳ መንገደኛ ይመስላል። የሚቀረው ግምት ከእውነቱ እስካልበለጠ ድረስ ግን በመጨረሻ የሚያገኘው መንገድ አጭሩ መሆኑ የተረጋገጠ ነው።

በታንኩ ፈንታ ሞተር ሳይክሏን እናቁም። «ገደል» የምትለዋ ቃል ስላለቻት በቀጥታ አራት እርምጃ ሄዳ ትደርሳለች። ካርታው አልተነካም፤ ዘዴውም ያው ነው። 18 ወደ 4 የወረደው በአንዲት ቃል ነው።

የመንዝ ሰው ግን በዚህ ስሌት ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለእርሱ መሬት «ይታለፋል» እና «አይታለፍም» ተብሎ በሁለት አይከፈልም። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው የሚወርድበትን የተጫነ በቅሎ አይወርድበትም፤ መውረዱና መውጣቱም አንድ አይደለም። ይህን በቁጥር ለመግለጽ ዋልዶ ቶብለር የተባለው የጂኦግራፊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ያቀረበው ቀመር ይረዳል። በቀመሩ መሠረት በሜዳ ላይ የሚሄድ ሰው ፍጥነት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 30 በመቶ ተዳፋት ሲወርድ 2.5፣ ያንኑ ሲወጣ 1.8 ገደማ ይሆናል። አንድ ሺህ ሜትር ወርዶ አንድ ሺህ ሜትር የሚወጣ ሰው በዚህ ተዳፋት በአግድም 6.7 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በሜዳ ቢሆን 1 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ይበቃው ነበር፤ በሸለቆው ግን 3 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ያውም ሸክም ሳይኖረው፣ ወንዙም ሳይሞላ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ከጨዋታ ይወጣል። በካርታ ላይ ከጤና ጣቢያ ዙሪያ ክብ ሠርቶ «በዚህ ውስጥ ያለ ሁሉ አገልግሎት ያገኛል» ማለት ልክ እንደ ሞተር ሳይክሏ ገደሉን እንደሌለ መቁጠር ነው። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ የምትጓዘው ግን በታንኩ መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት «አክሰስ ሞድ» የተባለ መሣሪያ የሚሠራው ክቡን ትቶ የጉዞ ሰዓቱን በየካሬው በማስላት ነው፤ ወላጁ ያው የአጭር መንገድ ፍለጋ ስሌት ነው። የመሬቱም ከፍታ በነጻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን በራዳር የለካው የዓለም ከፍታ፣ በ30 ሜትር ጥራት፣ መንዝንና መርሐ ቤቴን ጨምሮ ለማንም ክፍት ነው።

የጨዋታው ኮድም እንዲሁ ተከፍቷል። ኤሌክትሮኒክ አርትስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የ«ጄኔራልስ»ንና የ«ዜሮ አወር»ን ኮድ በነጻ ፈቃድ ለሕዝብ ለቅቆታል፤ ሁለቱ በተለያየ ማኅደር ስለተቀመጡ ማስፋፊያው በሞተሩ ላይ የነካውን ጎን ለጎን ማወዳደር ይቻላል። የምንመክረው በመንገድ ፍለጋው ክፍል እንዲጀመር ነው።

ከዚያ በፊት ግን በወረቀታችን ላይ ያለችውን በር እንዝጋ፤ ክረምት ገብቶ ድልድዩ ተወስዷል እንበል። ማሽኑ «መንገድ የለም» ለማለት 24ቱን ካሬዎች ሁሉ መጨረስ ይኖርበታል። ጨዋታው ይህን ልፋት የሚያድነው እርስ በርስ የሚገናኙ ካሬዎችን አስቀድሞ አንድ የዞን ቁጥር በመስጠት ነው፤ የመነሻውና የመድረሻው ቁጥር ከተለያየ ፍለጋው አይጀመርም። በጨዋታው ድልድይ ይፈርሳል፣ ይጠገናልም። ድልድዩ በተጠገነ ቅጽበት የትኞቹ ካሬዎች ቁጥራቸውን መቀየር አለባቸው? ለሞተር ሳይክሏስ ያው የዞን ቁጥር ያገለግላል? አንባቢያን በ24ቱ ካሬ ላይ ይሞክሩት።