የሻንሲ ቁጥርና የሐሰት ምስክርነት

ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ የፈረንሳይ መኪና ነው። የቤት መኪናው በአገሩ መሠራቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ቢያበቃም፣ በሐረር ከተማ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት አገልግሏል። ይህን ዕድሜ የሰጡት የጠፋውን ዕቃ ከሌላ መኪና እየፈቱ፣ የዛገውን ላሜራ እየበየዱ ያቆዩት መካኒኮች ናቸው። ሥራቸው የተመሰገነ ነው፤ የተሰጠንን ሳያባክኑ መጠበቅ ነውና።

ይሁን እንጂ ከዚሁ ጥገና ጋር የሚነሣ የሕሊና ጥያቄ አለ። መኪና ዓይነቱንና ተከታታይ ቁጥሩን የሚገልጽ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለው፤ የሻንሲው ቁጥር በሊብሬም ይመዘገባል። ሰሌዳው ሲበላሽ አስመስሎ ማስቀረጽ ይቻላል። ታዲያ ይህ ኃጢአት ነውን?

መልሱ ሰሌዳው በሚመሰክረው ነገር ይወሰናል። የዚያው መኪና ቁጥር ከሆነ፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ካወቀውና ገዢውም ከተነገረው፣ ጥገና ነው። ነገር ግን የወደቀ መኪና ቁጥር በሌላ አካል ላይ ከተለጠፈ፣ ወይም ተራው መኪና ብርቅ መስሎ እንዲሸጥ ከተደረገ፣ ብረቱ አፍ ሳይኖረው በሐሰት ይመሰክራል። ይህም ስምንተኛውን ትእዛዝ ይጥሳል፤ የገዢው ገንዘብ በማታለል ስለሚወሰድም ሰባተኛውን ያፈርሳል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ሐሰተኛ ሚዛንን የሚከለክለው ስለዚህ ነው፤ ሚዛኑን የሚያምን ሰው የተጎደለበትን አያይምና።

«እኔ የታዘዝሁትን ቀረጽሁ እንጂ አልሸጥሁም» የሚል ይኖራል። ዐውቆ የቀረጸ ግን የማታለሉ ተባባሪ ነው። የቤተሰቡን ጥሪት አሟጦ ታክሲ የገዛ ሹፌር ቁጥሩ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ መኪናው ሊያዝበት፣ የልጆቹም እንጀራ ሊቋረጥ ይችላል።

ስለዚህ መናዘዝ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 2412) ያላግባብ የተወሰደ ሁሉ ለባለቤቱ እንዲመለስ ያስተምራል፤ ዘኬዎስም ያታለለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገብቷል (ሉቃ. 19)። ሻጩ ለገዢው እውነቱን ይንገር፤ መኪናውን ይመልስ ወይም ጉዳቱን ይካስ።

ለመወያያ፦
1. ገዢው ባይጠይቅ ሻጩ ዝም ማለት ይገባዋልን?
2. ሥራ የቸገረው መካኒክ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እንዳይቀበል ጉባኤያችን በምን ሊረዳው ይችላል?