ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ለነጋዴ ስለሚሰጠው ጥቅም

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚባለው፣ የተሠራበት ኮድ ለማንም ሰው ግልጥ ሆኖ፣ ሊሠሩበት፣ ሊያባዙትና ሊያሻሽሉት የተፈቀደ ፕሮግራም ነው። ከእነዚሁ አንዱ በ2010 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሊብሬኦፊስ ሲሆን፣ ለደብዳቤና ለሒሳብ ሠንጠረዥ ያገለግላል።

ይህ ለነጋዴ ምን ይረባዋል? በዶሮ ማነቂያ በጸሐፊነት እሠራበት በነበረው ሱቅ የደረሰውን ልናገር። የዱቤ መዝገባችን በአንድ የተገዛ ፕሮግራም ይያዝ ነበር። የፈቃዱ ዘመን ባለቀ ጊዜ አልከፈት አለ፤ የባለ ዕዳዎቹን ስም ከደረሰኝ እየለቀሙ እንደገና መጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። መዝገቡ የእኛ ሲሆን ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ነበረ።

እንግዲህ ጥቅሙ ሦስት ነው።

አንደኛ፤ ለሊብሬኦፊስ የፈቃድ ዋጋ በውጭ ምንዛሪ አይከፈልም፤ ገንዘቡ ለዕቃ ማስመጫ ይተርፋል።

ሁለተኛ፤ ሰነድ የሚያስቀምጥበት ኦዲኤፍ የተባለው ዓይነት በ2006 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደረጃ ስለ ሆነ፣ መዝገቡን በሌላ ፕሮግራምም መክፈት ይቻላል።

ሦስተኛ፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ፣ እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያሉ ነፃ የፊደል ቅርጾች ስለ ተገኙ፣ ውልና ደብዳቤ ያለ ተጨማሪ ዋጋ በአማርኛ ይጻፋል።

ነገር ግን ነፃ ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ሠራተኛ ማስተማርና ለባለሙያ መክፈል ያስፈልጋል። መዝገብም በአንድ ቀን አይዛወርም፤ አንድ ወር ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ይያዝ፤ ቅጂውም በሌላ ስፍራ ይቀመጥ።

ክቡራን ነጋዴዎች፣ ማናቸውንም ፕሮግራም ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን «መዝገቤን ይዤ ለመውጣት እችላለሁን?» ብላችሁ ጠይቁ።